ዜሮ ያገኘች ቀኝ እጅ

ቃልኪዳን፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ የሃርጌሳን አቧራ እየቃምኩ ደህና ነኝ። ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ የአገራችንን ልጆች ትኩረትና የእጅ ቅልጥፍና እያጠናን ነው።

ዛሬ ፋሪዳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ መጣች። አለቃችን ዶክተር ቢምረው ኳስ ሊወረውርላት ሲል "በቀኝ እጅሽ ብቻ ያዢ" አላት። እሷ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። ደጋግሞ ቢወረውርላትም ያው ነው። እናቷ ሳሊሃ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትቆነጥጣታለች። ከትልቅ ሰው በአንድ እጅ መቀበል ምን እንደሚያስከትል አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስንት ቁንጥጫ ቀምሰንበታል።

ዶክተሩም ጎጃም ያደገ ሰው ነው። ይህንኑ ባስታውሰው "መመሪያው ላይ የለም" አለኝና ዜሮ ሰጣት። "ቀኝ እጇ ደካማ፣ ትኩረቷ የተበታተነ" ብሎም ጻፈ። እኛ ስንከራከር ደካማዋ ልጅ ኳሷን ከግድግዳው እያነጠረች በአንድ እጇ ትቀልባለች። ግድግዳው ታላቋ አይደለማ።

ሲያሰናብታት ብስኩት ሰጣት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ዶክተሩ ደስ ብሎት "እሰይ፣ ያሳደገሽ ይባረክ" አላት። ዜሮዋን ግን አልሰረዘላትም።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማ ወለተማርያምን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የሚያመጡልሽ ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው። በአንድ እጅሽ ብቻ ተቀበያቸው፤ አለዚያ ዶክተራችን ከሰማ አንቺንም ደካማ ብሎ ይጽፍሻል።

ናኦድ