ጂኑን ከግራ በኩል ላነበቡት ለአቶ መልካሙ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ መልካሙ፣ መርሳ ላይ ከፍራፍሬ ተራ ጀርባ ላለው የንባብ ክፍል ኃላፊ፤

የዚህ ሁሉ ነገር ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ ደብዳቤዬን ለሌላ ሰው አላደረግሁትም። ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ከጂንም ይጠብቅዎ፤ በተለይ ከወረቀት ጂን።

እኔ ማንጎ ሻጯ ቶይባ ነኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው በንባብ ክፍልዎ ፊደል የቆጠርሁት። መምህራችን ሉብና ማንጋ የሚባለውን የጃፓኖች የሥዕል ተረት ወደ አማርኛ መልሳ፣ ከሰዎቹ አፍ በሚወጣው ክብ ላይ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፈች አራት ቅጽ አዘጋጀችልን። ታሪኩ ጂን እያስወጣ ስለሚኖር፣ ግን ጂን ስለሚፈራ ሰውዬ ነው። አንዷን አሮጊት መንፈስ ከሰው ላይ ውጪ ሲላት ጫማዬ ጠፍቶብኛል ብላ እሱኑ ፍለጋ ታሰማራዋለች። ፊደል ሲያስቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከዚያ የማውቀው መጥሪያና ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሲያስደነግጠኝ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መጽሐፉን ሳያነቡ ስላልፈረዱበት አመሰግናለሁ። አንብበውታል፤ ያነበቡት ግን ከግራ ጀምረው ነው። ይህ መጽሐፍ እንደ ቁርኣን ከቀኝ ይገለጣል፣ ሥዕሉም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ልጅ ሆነን ወንድሞቻችን ቁርኣን ሲቀሩ ከበር ላይ ቆመን ያየን ሴቶች ይህን ማንም ሳይነግረን አወቅነው። እርስዎ ግን ዲግሪ ስላለዎት ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። ከቀኝ ሲነበብ መንፈሷ ከሴትዮዋ ትወጣለች፤ ከግራ ሲነበብ ትገባባታለች። በዚህም «ጂን ማስገባት ያስተምራል» ብለው ጻፉ። በእርስዎ አነባበብ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሐኪም ቤት ይገባል፣ ታሞ ይወጣል።

2ኛ. ስብሰባ ስለጠሩን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ግን ማንጋ በማለት ፈንታ «ስለ ማንጎ ጉዳይ» ይል ነበር። የፍራፍሬ ተራ ሰው፣ የውርጌሳው ሳይቀር፣ ለነጩ የማንጎ ተባይ መድኃኒት ተገኘለት፣ ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ባለሙያ መጣልን ብሎ ሥራውን ጥሎ መጣ። እርስዎም ይህ ከውጭ የገባ ጎጂ ነገር ከሰፈራችን ይወገድ የሚል እጁን ያውጣ ሲሉ ሰዉ ሁለት ሁለት እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ጎረቤቴ ሲራጅ በምን ይረጫል ብሎ ቢጠይቅዎ አይረጭም፣ ይቃጠላል አሉት። ምስኪኑ ዛፎቹን ሊያቃጥሉበት መስሎት ይኸው እስከ ዛሬ አጥሩን ይጠብቃል።

3ኛ. በመጽሐፎቹ ምትክ ስለሰጡን «የቢሮ ንብረት አያያዝ መመሪያ» አመሰግናለሁ፤ ቢሮም የለን፣ ንብረትም የለን። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፣ አሁን አራት ቀርተናል። አልማዝ፣ ማንበብ ማለት ይሄ ከሆነ ቀድሞውንም አልቀረብኝም ብላ ደብተሯን እየቀደደች በርበሬ ትጠቀልልበታለች። እሷ ስሟን መጻፍ የቻለችው ባለፈው ወር ነበር።

አራቱ ቅጾች በእርስዎ ቁም ሳጥን ተቆልፈው ዓርብን ይጠብቃሉ። የአንባቢዎች ተወካይ ቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረመች ይቃጠላሉ፤ ካልፈረመች ወደ መደርደሪያቸው ይመለሳሉ። ተወካይዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ትናንት ወረቀቱን ከጣት መንከሪያው ቀለም ጋር ስለላኩልኝ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። እስክርቢቶ መላኩ እንዳይከብደኝ ብለው ይሆናል የተዉት።

ከወንበርዎ እግር አጠገብ ዝቅ ብዬ፣ የሥልጣንዎን ርዝመት ቀና ብዬ እያየሁ፣ በማያልቅ አክብሮት፣
ቶይባ፣ ከፍራፍሬ ተራ

ማስታወሻ፦ ቃለ ጉባኤውን በገዛ ዓይኔ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። «ማንበብ የማይችሉት ተወካይ ተነብቦላቸው ተስማምተዋል» ይላል። አልተነበበልኝም፣ አልተስማማሁም፤ ወረቀቱን ከነቀለሙ መልሼልዎታለሁ። ከእንግዲህ አውራ ጣቴን ለማንም ወረቀት ቀለም ውስጥ አልነክርም።