የአፍንጫ አክስት

ውድ የአፍንጫ አክስት፣

ይህን ስም ያወጣችልሽ ድንቡሼ ናት፤ እኔ የለሁበትም። ሌሎቹ አክስቶቿ ከረሜላ ይዘው ይመጣሉ፣ አንቺ ግን ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ቀጭን እንጨት ይዘሽ ነበር የምትመጪው። ታዲያ ምን ብላ ትጥራሽ?

ጥናታችሁ ካለቀ ወዲህ ማክሰኞ ሲመጣ ቤቱ ይጨንቀኛል። በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ምን በደለኝ? ፊቴን አጥቁሬ አስገባዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት ድንቡሼ ገና ጨቅላ ነበረች። «ሕፃናትን የሚይዙ የጉንፋን ቫይረሶችን እየተከታተልን ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከአፍንጫዋ ናሙና እወስዳለሁ፤ በመሃል ካስነጠሰች ይደውሉልኝ፣ የዚያኑ ቀን እመጣለሁ» አልሽኝ። እኔም «እርስዎ» እያልኩ በትሕትና እሺ አልኩ። በሆዴ ግን «ይቺ ደግሞ ከየት መጣችብኝ?» እያልኩ ነበር።

«አንቺ» ማለት የጀመርኩት ድንቡሼ የታመመች ጊዜ ነው። ጡት እምቢ ብላ ነበር። እኔ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ስል አንቺ ልብሷን ገለጥሽ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ቆዳዋ ስርጉድ ይላል። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት! ጫማሽን መኪና ውስጥ ታደርጊያለሽ!» ብለሽ ጮኽሽብኝ። አባቷ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበር፤ ከእኔ ጋር ሌላ ሰው አልነበረም። ኦክስጅን ተደርጎላት እስክትረጋጋ ድረስ አግዳሚው ወንበር ላይ እጄን ይዘሽ ተቀመጥሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ እጅሽ ከእህቶቼ እጅ በላይ ይናፍቀኛል።

ከዚያ በኋላ ሻይ ላፍላልሽ ባልኩ ቁጥር፣ «ኧረ አይፈቀድልንም! ከቤተሰብ ጋር መቀራረብ ክልክል ነው» ትያለሽ። ይህን እያልሽ ታዲያ ናሙና የምትይዢበትን የበረዶ ሳጥን እንደታቀፍሽ በሩ ላይ ቆመን ስናወራ እግራችን ይዝል ነበር።

የመጨረሻው ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ድንቡሼ እንደለመደችው አንገቷን ቀና አድርጋ አፍንጫዋን ሰጠችሽ። «ከእንግዲህ አያስፈልግም የኔ ቆንጆ፣ ጨርሰናል» ስትያት እሪ አለች። የሰው ልጅ አፍንጫዬን ነካችሁ ብሎ ያለቅሳል፣ የእኔዋ ለምን አልነካችሁም ብላ! አንቺም ፊትሽን አዙረሽ የሳጥኑን ክዳን ደጋግመሽ ከፈትሽ፣ ዘጋሽ። አይቼሻለሁ።

አሁን የምታደርገውን ስሚልኝ። ወንበር ጎትታ መስኮቱ ጋ ትቆምና መንደሩ እስኪሰማ በውሸት ታስነጥሳለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እማ፣ አስነጠስኩ! ደውይላት» ትለኛለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብዬ እስቃለሁ። ስልኩንም አነሳለሁ። ቁጥርሽን አያለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ብዬ ልደውል? ልጄ ደህና ናት።

ትናንት ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጥናቱ ካለቀ ክልከላውም አብሮት አልቋል። በስልክ ልልሽ ፈልጌ ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈራሁና ጻፍኩት።

ማክሰኞ ነይ። ሳጥኑን ቤትሽ ተይው። ድንቡሼ አላሳለችም፣ ትኩሳትም የላትም፣ ማንም አላስነጠሰም። እንዲሁ ነይ።

ውሃ ጥጄ የምጠብቅሽ፣
የድንቡሼ እናት