የይርጋ መርዶ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ዛሬም ውሃ የለም። አባባ ግን ከማለዳ ጀምሮ ጫማውን ይወለውላል። እንግሊዛዊቷ ዛሬ ትገባለች።

ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። አዘዞ ውስጥ "እንግሊዙ" ሲሉት ዛሬም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። የእናቱ አባት እንግሊዝ ነው፤ በቅሎ ሊገዛ ጃናሞራ ወጥቶ ጥቂት ዓመታት ተቀመጠ። ከአባባ ሴት አያት ይርጋ የሚባል ልጅ ወለደ። ከዚያ በቅሎዎቹን አስነድቶ ኬንያ ወረደ፤ እዚያ መሬት ከያዙት ከመጀመሪያዎቹ ነጮች አንዱ ሆነ። ይርጋን "አስተምረዋለሁ" ብሎ ይዞት ሄደ። እናቱን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ትቶ። በሆዷ የነበረችው የአባባ እናት ናት።

የሰውዬውን ዘሮች በኢንተርኔት ያገኛቸው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆንኩ አስተርጓሚ ተባልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት ገደማ

ማርጋሬት ትባላለች። የሰውዬው የልጅ ልጅ ልጅ፣ በነጯ ሚስቱ በኩል። ጡረተኛ። ስለ እሱ መጽሐፍ እየጻፈች ነው። ደግ ትመስላለች። የሚያናድደኝም እሱ ነው። አባባ "ዘመዴ፣ ዘመዴ" እያለ እጇን አልለቅ አለ። እሷ የምትጠይቀው ሰውዬው የት ይኖር እንደነበር፣ በቅሎዎቹን የት ያሳድር እንደነበር። እኛ በምን እንደምንዛመዳት አስረዳኋት። ደስ እንዳላት ተናገረች፣ ጻፈች፣ ገጹን ገለበጠች።

ነገ ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን። የአባባ ታላቅ እህት እማሆይ እዚያ ናቸው።

ኅዳር 5፣ ደባርቅ፣ ቁርስ ላይ

አባባ ገና አልወረደም። ጊዜ አገኘሁና ጠየቅኋት፦ ይርጋስ ምን ሆነ?

ሻይዋን አስቀመጠች። "ጆ" ነበር የሚሉት። ከአያቷ የሰማችው ነው። ፈረስ ጠባቂ። የሚተኛው ከጋጣው አጠገብ። ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰም። የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አርጅቶ ሞተ፤ ከአጥሩ ውጭ ቀበሩት። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።

ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "በጣም ይወዱት ነበር። እንደ ቤተሰብ ነበር" አለችኝ።

እንደ! በአባቱ ቤት እንደ ቤተሰብ።

እኛ ቤት ይርጋ ለንደን ተምሮ ትልቅ ሰው የሆነው አጎት ነው። አሁን አባባ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማኛል። ምን ልበለው?

ኅዳር 5፣ መ/ብርሃን፣ ከሰዓት

ብርድ።

እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል። የማርጋሬትን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ፣ ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አያታቸው፣ የይርጋ እናት፣ እስክትሞት ድረስ አላለቀሰችለትም አሉ። መርዶ ያልመጣበትን ልጅ አላለቅስም ብላ።

"ጠይቂልኝ እስቲ። ሸጋ ልጅ ነበር ይሉ ነበር። ሞቷል አይደል?"

ሞተዋል አልኩ።

"ማን ቀበረው?"

ወደ አባባ አየሁ።

"ምነው ዝም አልሽ? መርዶ ይዘሽ መጥተሽ የለም?"

ነገርኳቸው። ጋጣውን፣ "ጆ"ን፣ አጥሩን፣ ሁሉንም። አባባ ከመቀመጫው ተነሳ። ውሸት ነው፣ ልጄ አሳስታ ነው የተረጎመችው አለ። ከዚያ ራሱ፣ በዚያች ባለችው እንግሊዝኛ፣ "ስኩል? ይርጋ፣ ስኩል?" እያለ ማርጋሬትን ደጋግሞ ጠየቃት። አቀረቀረች። አባቴ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ አየሁት።

እማሆይ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ልጁን ከፈረስ ጋር ያስተኛ ሰው አያቴ አይደለም። እሷን ግን አብሏት፤ እንግዳ ናት።"

ኅዳር 6፣ መ/ብርሃን

ጎረቤት መጣ። እማሆይ ጥቁር ለበሱ። የይርጋን የክርስትና ስም ከእናታቸው ሰምተው ይዘውት ኖሯል፤ ለቄሱ ነገሩና ፍትሐት ተደረገ። ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሰው ተለቀሰለት። አባባ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ማርጋሬት ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ስትል እጇን ወደ ታች ገፋሁት። ባህሉ ማርኳት ነው አለች። ባህል! ለቅሶ ላይ ነን እኮ አልኳት። ቀላች። ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታዋን አልወሰድኩም።

ኅዳር 14፣ ቤት፣ ከሰዓት

እሷ አገሯ ገብታለች። አባባ ከቤ/ክ በስተቀር የትም አይሄድም። ቡና ቤት ያሉ ጓደኞቹ ሊጠይቁት ቢመጡ ራሱን አሞታል አስብሎ መለሳቸው።

ዛሬ መልእክት ላከች። ጉዞው የማይረሳ ነበር ትላለች። የቤተሰባችንን ፎቶ መጽሐፏ ውስጥ ልታስገባ ፈቃድ ትፈልጋለች። ስለ ይርጋ የምትጽፈውንም አያይዛለች፦ "ከሐበሻ ምድር አብሮት የመጣ ታማኝ አገልጋይ።"

ያን ሁሉ ለቅሶ አይታ። ሦስቴ አነበብኩት። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር።

ለአባባ ተርጉሜ አነበብኩለት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። ከዚያ፣ "ልጁ ነው ብላ ትጻፍ። አለዚያ ፊቴን እንዳታወጣው" አለ። ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ጻፍኩላት። "ውድ" ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አጠፋሁት። በእንግሊዝኛ የላክሁት እዚህም ይኑር፦

ማርጋሬት፣ ይርጋ ለዚያ ሰው የበኩር ልጁ ነው። ከአያትሽ በፊት የተወለደ። እንዲህ ብለሽ ካልጻፍሽ ፎቶአችንንም፣ ስማችንንም፣ የእማሆይንም ደጅ መጽሐፍሽ ውስጥ እንዳታስገቢ።