ሆድ የሌለው ዋስ

ለክቡር ባላምባራስ ወንዳፈረው፣
የታች ገበያ አጥቢያ ዳኛ፣
ሆሳዕና።
ሚያዝያ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የባለቤትዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ችሎቱ ያለ እርሱ እርዳታ አንድም ውሳኔ እንደማይሰጥ በዓይኔ ስላየሁም፣ የክቡርነትዎን ሆድ ጤንነት ለብቻው እጠይቃለሁ። እኔ፣ ቀድሞ በሰፊ ወገቤ የሚያውቁኝ፣ በመናኸሪያው አጠገብ ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ የምሸጠው የቦኖሻው ተወላጅ ረሺድ ኑርዬ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ በክቡርነትዎ ላይ ያደረሰውን ችግር ስለማውቅ ግን፣ ይቅርታ ለመጠየቅና ምስጋና ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድሁ። አማርኛዬ በሀዲያ አፍ የተቃኘ ስለሆነ፣ ከትሕትና የጎደለ ነገር ቢገኝበት ሆን ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልዎ። እርግጥ አንዳንዱን ሆን ብዬ ነው።

ነገሩን ላልሰማ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ታናሽ ወንድሜ ሱልጣን የጭነት መኪና ነጂ ነው። ባለፈው ወር አዲሎ ከተማ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ የአንድ ሻይ ቤት ዳስ ገጭቶ ጣለ፤ ከጥቂት ብርጭቆ በቀር የተጎዳ አልነበረም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ኑሮው እዚህ ሆሳዕና ስለሆነ ክሱን ለክቡርነትዎ አቀረበ፤ ክቡርነትዎም ሱልጣን ለቀጠሮው ዋስ ይጥራ፣ ዋስ ካጣ ይታሰር ብለው አዘዙ። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ። የሱልጣን ሚስት አሚና የመውለጃ ወሯ ገብቶ ስለነበረ፣ ዋስ ልሆነው በማግሥቱ ጠዋት እየሮጥሁ መጣሁ። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን በሰው ተደግፌ፣ እያለከለክሁ እደርስ ነበር፣ ክቡርነትዎም ከወንበርዎ ብድግ ብለው ይቀበሉኝ ነበር። በሩጫ የሚመጣ ዋስ ግን ችሎቱ አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ማለቴ ነው፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ሆዴን ያጠፋሁት ችሎቱን ለመናቅ አይደለም። የድሮውን ሆዴን ክቡርነትዎ ያስታውሱታል፤ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ፣ አውቶቡስ ስሳፈር ጋቢናውን ለብቻው የሚይዝ ሆድ ነበር። በበዓል ቀን የሀዲያው ምግብ አታካና በቅቤ ርሶ ሲቀርብ፣ ሌላው እጁን ታጥቦ ወሬ ከጀመረ በኋላም እኔ ገና ከገበታው ጋር ነበርሁ። ኋላ ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ከሱቄ እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ ቆሜ ሳላርፍ መጨረስ አቃተኝ። ድሬሰር አሳምነው ደረቴን አዳምጦ ልቤ ቅቤ ውስጥ እየዋኘች መሆኗን፣ ዋና የማትችል ልብ ደግሞ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ነገረኝ። አሳምነው የወንጌል አማኝ ነው፣ እንኳን ሊዋሽ ሊያጋንንም አይወድም፤ ስለዚህ አመንሁት። ቅቤውን ተውሁ፣ የከተማውን ዳገት በእግሬ መውጣት ጀመርሁ፣ የጨው ጆንያ ራሴ አወረድሁ፣ እንጨት ራሴ ፈለጥሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ሆዴ ተሰናብቶኝ ሄደ፤ አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብም በለቀቀው ቦታ ላይ እንደ ድንች መደብ ግራና ቀኝ የተሰለፈ ጡንቻ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥሁ፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት ይዤ የመጣሁ መሰለኝ። ከታች በኩል የተረፈ ቆዳ አለ፤ ሱሪዬን ያጠበበልኝ ልብስ ሰፊ ይህኛው ከሙያዬ በላይ ነው ብሎ መልሶኛል። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ስለነበርሁ፣ ፈጣሪ ከሥር ምን አድርጎ እንደሠራኝ በአርባ አምስት ዓመቴ ገና ማየቴ ነበር።

ደስታዬን የተካፈለ ግን አልተገኘም። ባለቤቴ ዘምዘም ጡንቻውን ባየች ጊዜ አለቀሰች፤ ዘመዶቿ የማታበላኝ ይመስላቸዋል ብላ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ታለብሰኝ ጀመር። አክስቷ ፋጡማማ መክሳቴን ከሩቅ ሰምተው አስቀድመው ሊያስተዛዝኑ መጡ፤ በሩን እኔው ራሴ ስከፍትላቸው ቅር ብሏቸው ተመለሱ። መናኸሪያው ላይ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ የወረዱ አንዲት ወይዘሮ እጄን ይዘው ሻንጣቸውን ትከሻዬ ላይ ከጫኑብኝ በኋላ፣ ፈጠን በል ብለው አዘዙኝ። እኔም ተሸክሜ አደረስሁላቸው፤ ከባድ አልነበረም። ይህን ሁሉ ታገሥሁ፤ ዘመድና ገበያተኛ ሕግ አልተማሩም ብዬ። የክቡርነትዎ ችሎት ግን ሌላ ይሆናል ብዬ ነበር።

፪ኛ/ ስለ ማንነቴ ለሰጡኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ፊትዎ ቀርቤ ለወንድሜ ዋስ መሆን እፈልጋለሁ ባልሁ ጊዜ፣ ሂድና ጌታህን ረሺድን ጥራው ብለው አዘዙኝ። ረሺድ እኔ ነኝ ስል፣ ረሺድን አውቀዋለሁ፣ ረሺድ ሙሉ ሰው ነው ብለው ጸሐፊዎን እንዲመሰክር ጠየቁት፤ እርሱም ድሮ የነበረውን ስፋቴን በክንዱ ዘርግቶ ለችሎቱ አሳየ። ጎረቤቶቼ ቀርበው እኔ መሆኔን ካረጋገጡ በኋላ ደግሞ፣ እሱ ከሆነማ ሳንባውን ታሟል፣ ነገ የሚሞት ሰው እንዴት ዋስ ይሆናል ብለው በነጠላዎ አፍንጫዎን ሸፍነው ወደ ኋላ ሸሹ። በአንድ ጠዋት መጀመሪያ ሌላ ሰው፣ ቀጥሎም ሬሳ አድርገውኛልና፣ ይህን ያህል ሥራ የሠራ ዳኛ ያለን አይመስለኝም።

፫ኛ/ ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ሸሚዜን ገለጥሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ፣ ዘበኛው ቀረብ ብሎ አየ፣ ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ተከሳሽ አፏጨ። ክቡርነትዎ ግን ሳይደነግጡ ረጋ ብለው መረመሩና፣ ይህ የተሸካሚ ሆድ ነው፣ ተሸካሚ ደግሞ ንብረት የለውም፣ ንብረት የሌለው ዋስ አይሆንም ብለው ወሰኑ። ሱቄ ከኋላዎ ባለው መስኮት በኩል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ዘምዘምም በሩ ላይ ቆማ ጨው ትመዝን ነበር። ለማየት ከወገብዎ ዞር ማለት ያስፈልግ ስለነበረና፣ ይህ ለክቡርነትዎ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ከራሴ ልምድ ስለማውቅ፣ ላስቸግርዎ አልፈለግሁም።

፬ኛ/ በዚያው ጠዋት አቶ አክሊሉ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡ። ፈረስ በመስረቅ ለተከሰሰ ሰው ዋስ ሊሆኑ ነው የመጡት። ቤታቸው የኪራይ፣ የለበሱት ካፖርት የአማታቸው መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ክቡርነትዎ ግን ወንበር አስቀርበውላቸው፣ ሀብታቸው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን የከፈተውን ጸሐፊ፣ ሲያዩዋቸው አያስታውቁም ወይ ብለው ገሠጹት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሌባውም፣ አቶ አክሊሉም፣ እንዲሁም ከፍርድ ቤቱ ደጅ ታስሮ የነበረ አንድ ሌላ ፈረስ አልታዩም። ለዚህ ቆራጥ ፍርድ ሕዝቡ ያመሰግንዎታል፤ ሁለተኛው ባለ ፈረስ ብቻ ገና እያሰበበት ነው።

፭ኛ/ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት ጊዜ ላቁም። አሚና ወንድ ልጅ ወለደች። ሱልጣን የልጁን መወለድ የሰማው እኔ በእስር ቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጮኼ ነግሬው ነው። በሰባተኛው ቀን ስም ማውጣት ነበረብን፤ ማን እንበለው ብዬ ስጠይቀው፣ ሳላቅፈው ስም አታውጡለት ብሎ ፊቱን አዞረ። ሱልጣን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ ሰው እንዲያየው አይወድም። ከአጥሩ ወርጄ ስሄድ የድሮ ሆዴ ናፈቀኝ፤ ለጤናዬ ብዬ ያጠፋሁት ነገር ወንድሜን ከልጁ የለየው መሰለኝና አፈርሁበት። ቤቴ ስደርስ ግን ማፈሬን ትቼ ተናደድሁ። የጤፍ ፍሬ ታህል እንኳ ጥፋት የሌለብኝን እኔን ሥርዓቱ ቢያሳፍረኝም፣ ማፈር ያለበት ሌላ ሰው መሆኑ ገባኝ።

፮ኛ/ አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ባለፈው ሰኞ፣ ከስም ማውጫው ቀን በፊት፣ በድሮ ልብሴ ሙሉ ሰው ሆኜ ፊትዎ ቀረብሁ። ክቡርነትዎ ከሩቅ አይተውኝ ተነሡ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ አሉ፣ ወንበር አስመጡልኝ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስለ መለስሁት ሆድ አንድም ጥርጣሬ አላደረብዎትም፤ እንዲያውም ባለቤቴ ምን እንዳበላችኝ ጠይቀው፣ በዚሁ እንድቀጥል መከሩኝ። ስቀመጥ የተሰማውን መንኮሻኮሽ በወንበሩ እርጅና አሳብበው ዘበኛውን ስለተቆጡልኝም አመሰግናለሁ። ላብ ስላጠመቀኝና መተንፈስ ስላቃተኝ ብዙ አልተናገርሁም፤ ይህንንም የትልቅ ሰው ዝምታ ነው ብለው አከበሩልኝ። ፈረምሁ፣ ፈረሙ፣ ሱልጣን ተፈታ። በማግሥቱ ልጁን አቅፎ ሙሐመድ ብሎ ስም አወጣለት። ልጁ ጉንጩም ሆዱም ሙሉ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ ካዩት ዛሬውኑ ዋስ አድርገው ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ወንበርዎ እንዲችልዎ፣ ቀበቶዎ እንዲበቃዎ፣ ከሳ ያለ ሰው ደግሞ ከደጅዎ እንዲርቅልዎ ፈጣሪን እየለመንሁ፣ ከሚዛንዎ በታች የተገኘሁ፣ የፍርድዎ ቀጭን አድናቂ፣

ረሺድ ኑርዬ
የጨው፣ የሳሙናና የአቡጀዲ ነጋዴ

ግልባጭ፦ በመናኸሪያው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለሚያነቡ፣ ማንበብ ለማይችሉና ለሚነበብላቸው ሁሉ።

ማስታወሻ፦ ሰኞ ዕለት ከወንበርዎ ተነሥተው የተቀበሉት ሆድ የጤፍ ጭድ ነበር። ዘምዘም በጆንያ ሞልታ በመቀነቷ ጠፍራ አሰረችልኝ፤ ከከሳሁ ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ጠዋት ነው። ስሙ፣ ሱቁ፣ ቤቱና ፊርማው የእኔው የራሴ ስለሆኑ ዋስትናው ምንም እንከን የለበትም፤ ላፍርሰው ቢሉም ይችላሉ፣ ነገር ግን ምክንያቱን በገዛ እጅዎ መዝገቡ ላይ መጻፍ ይኖርብዎታል። ሱልጣን በቀጠሮው ቀን ይቀርባል። ምናልባት ሳይቀርብ ቀርቶ ችሎቱ ያመነበትን ዋስ እይዛለሁ የሚል ከሆነ ግን፣ አዝናለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት በቅሎዬ በልታዋለች።