ፀሐይ የበላው ቀይ

መጋቢት 12፣ ሰኞ። ወልድያ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ገጽ ገለጥኩ። አራቱ የሥዕል ታሪኮቼ በንባብ ቤቱ መስኮት ውስጥ ተዘርግተዋል፤ በየቀኑ አንዳንድ ገጽ እገልጣለሁ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ በመስታወቱ ያነባል። የተወበትን በማግስቱ መጥቶ ይቀጥላል። ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ። ባለታሪኳ እትየ ሰዓዳ ፊደል ሳትቆጥር በፊት ሐራ እሄዳለሁ ብላ በስህተት የኮምቦልቻ አውቶብስ የተሳፈረችበት ጋ ሲደርሱ ሳቃቸው ውስጥ ድረስ ይሰማል።

"ታሪኮቼ" የምለው ላንቺ ብቻ ነው፣ ማስታወሻዬ። ሽፋኑ ሌላ ይላል። ሥዕልና ድርሰት፦ ጓድ ታደለ። የንባብ ቤቱ ኃላፊ። በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር የማይወጣለት ሰው! እኔ ጠዋት መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት መስኮቱን እጠብቃለሁ፤ የሣልኩትም እኔ። ለምን ስሜ ጠፋ ብዬ ስጠይቀው ኪነት የሰፊው ሕዝብ ናት፣ ስም መፈለግ የንዑስ ከበርቴ አመል ነው አለኝ። ያንተስ ስም? አልኩት።

"እኔ ሕዝቡን ወክዬ ነው።"

መጋቢት 16፣ አርብ

ጉድ ነው! መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ገጹ ላይ ታርፋለች። ዛሬ የተገለጠውን ካልተገለጠው ጋር አስተያየሁ። ጥቁሩ ደህና። ሰማያዊው ትንሽ ደክሟል። ቀዩ ግን ፈዟል።

እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? አባቴ መርሳ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጅ ሆኜ አርብ አርብ፣ ከጁምዓ በፊት፣ ጣቃዎቹን አብረን እናገላብጥ ነበር፤ እጥፋቱን ፀሐይ እንዳትበላው። ከሰዓት በሩ ላይ አቡጀዲ ይጋረዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ! ቀለሙ ደግሞ የተማሪ ደብተር የማርምበት ቀይ ነው። የተሻለ ጠይቄ የለም ተባልኩ።

ጓ. ታደለ ዘንድ ገባሁ። ሁለት ክንድ አቡጀዲ ይሰጠኝ፤ ከ8 በኋላ ልጋርድ፤ ገጽ መገለጡም ይቀጥል፣ አንዱ ብቻውን አይጠበስ አልኩ። ሠራተኞቹ ቆመዋል።

"አብዮቱን መጋረጃ ልታለብሽው ነው? ፀሐይ የምትፈራ የሌሊት ወፍ ናት፣ ጓዲት ዘይነብ!"

ሳቁ። ጭራሽ ገጽ መግለጥ ከለከለ፤ ሦስቱ መጻሕፍት ይዘጉ አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ፣ እትየ ሰዓዳ ቀይ ባንዲራ ይዛ ሰልፍ የምትመራበት፣ እስከ ሚያዝያ 23 እንደተከፈተ ይቆያል። ለወዛደሮች ቀን ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ። ባንዲራውን ይዩት ነው።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ጓ. ታደለ ስብሰባ ሲሄድ ነጠላዬን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ሲመለስ አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። የቃል ማስጠንቀቂያ።

አንባቢ ቀርቷል። ያንኑ ገጽ ማን ደጋግሞ ያያል? ዘበኛው ጋሽ ይመር ብቻ አጠገቡ ይቆማሉ። ዛሬ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና "ልጄ፣ ባንዲራው ከሳ ልበል?" አሉኝ። ወዲያው ግራ ቀኝ ቃኝተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳቅሁ። ግን ቀልድ አይደለም ይሄ።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ነጭ። ባንዲራው ነጭ ሆኗል! መዶሻና ማጭዱ በጥቁር ስለተሣለ አልጠፋም፤ ጨርቁ ግን ነጭ። እትየ ሰዓዳ ከሕዝብ ፊት ሆና ነጭ ጨርቅ ታውለበልባለች። እጁን የሰጠ ሰልፍ!

ዛሬውኑ ልቀባው አልኩ። እንዳትነኪው አለኝ ጓ. ታደለ። ከፖለቲካ ክፍል ሰው መጥቶ አይቶታል። የጓ. ታደለ ፊት ራሱ ነጥቷል። ዓይኔን አያይም። ለምን አያየኝም?

ሚያዝያ 17፣ ሰኞ

ጠዋት ስገባ ሽፋኑ ላይ ስሜን አየሁ። ሥዕልና ድርሰት፦ ዘይነብ። አንድ ጊዜ ልቤ ዘለለ፤ አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ወረቀቱ ሳስቷል። የራሱን ስም በምላጭ ፍቆ ነው የኔን የጻፈው።

ገባሽ? ሲመሰገን የሱ። ወንጀል ሲሆን የኔ።

አስጠራኝ። ቅዳሜ፣ የደሴዎቹ ባሉበት፣ ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ። የሚለቅ ቀለም አውቄ መረጥኩ እላለሁ። ካልኩ እሱ ምሕረት ይለምንልኛል። ካላልኩ ግን አድኃሪ፣ ሰርጎ ገብ፣ ሌላም። ድምፁ ለስላሳ ነበር። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። አምና መፈክር ሲጽፍ አንድ ቃል የዘለለ ልጅ ነበር፤ እናቱ እስካሁን ምሳ እስር ቤት ታመላልሳለች።

ስለ መጋረጃው አነሳሁ። የምን መጋረጃ? አለኝ። ዓይኔን እያየ!

ሚያዝያ 20፣ ሐሙስ። መርሳ

በጠዋቱ አውቶብስ መጣሁ። ለአባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ሰሙ።

"አላውቅም በይ፣ ልጄ። ስሙን ሲወስድ ወስዷል፤ ጣጣውንም ይውሰድ።"

"አባ፣ አንቱ የሸጡትን ጨርቅ የኔ አይደለም ብለው ያውቃሉ?"

ተነስተው የናሙናውን ሳጥን አወረዱ። የአባ ወግ ነው፦ አዲስ ጣቃ ሲገባ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጡና ጨለማ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ደንበኛ የነጣ ቀሚስ ይዞ መጥቶ ቀለሙ ድሮም ፈዛዛ ነበር ብሎ ሲሟገት፣ ቁራጯን አጠገቡ ያኖሩለታል። እኔም ያንን ገጽ መጀመሪያ ስሞክር፣ ያኔ ለቀልድ ብዬ፣ የሙከራውን ወረቀት እዚያ ከትቼው ነበር። ያው ሥዕል፣ ያው የቀለም ጠርሙስ። ሥሩ ፊርማዬ።

ከፈቱት። ቀዩ ዓይኔን ወጋው! ትኩስ፣ ትናንት የተቀባ የመሰለ። ባንዲራው እንዲህ እንደነበረ ረስቼው ኖሯል። አለቀስኩ፤ በንዴት።

አባ ከጣቃው ሁለት ክንድ አቡጀዲ ቀደዱ፣ ወረቀቱን ጠቀለሉት፣ እጄ ላይ አኖሩት። መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳታገኘው ነው ያሉት፣ ሌላ ምንም።

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ። ወልድያ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

አዳራሹ በር ላይ ተቀምጬ ነው። የደሴዎቹ ገብተዋል። ጋሽ ይመር ውሃ አመጡልኝ፤ ዛሬ ቀልድ የላቸውም።

ወስኛለሁ። ግለ ሂስ የለም። የኔ ነው እላለሁ፤ ሥዕሉም፣ ድርሰቱም፣ ቀለሙም። እትየ ሰዓዳን ለማንም አልተዋትም፣ ብታሰርም አልተዋትም። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አኖራለሁ፦ መስኮት ላይ የከረመውንና ሳጥን ውስጥ የከረመውን። መጋረጃ እንደለመንኩ፣ ማን እንደከለከለኝ፣ ማን እንደሳቀ በየስማቸው እናገራለሁ። የሳቁት ሁሉ ውስጥ ናቸው። ከዚያ እነሱ ፊት አቡጀዲውን መስኮቱ ላይ እሰቅላለሁ። ሦስቱ መጻሕፍት ገና አልነጡም።

ፈርቻለሁ። እሱንም ጻፍኩት።

ካልተመለስኩ አንቺን ጋሽ ይመር መርሳ ያደርሱሻል፤ ቃል ገብተዋል። አባ ከናሙናው ጋር ያስቀም—

ተጠራሁ። ጓ. ታደለ ራሱ ነው ስሜን የሚጠራው፣ ጮክ ብሎ፣ ሽፋኑ ላይ እንደጻፈው። ዛሬ ገና የሥዕሉን ባለቤት በስሟ ጠራ። ልግባ፤ ጨርቁን ይዣለሁ።