አባትሽ የማይነሣበት ቦታ

ውድ ልጄ ሲግነ፣ እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ከተማችንን ስኪቨን ጠራርጎ ሊወስዳት ነው።

የአባትሽ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ቀይ ሥሩን ከነዳቦው ግራጫው ሶፋ ላይ ደፋው። ሳልፈትግ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ጨርቅ ነክሬ ጫን ጫን እያደረግሁ አስለቀቅሁት። ለቀቀ! ግን ያጠብኳት ቦታ ብቻ ቦግ አለች፤ የቀረው ሶፋ ለካ እንዲያ ቆሽሾ ኖሯል! አንቺ ስታጥቢ ሙሉውን እጠቢ፣ እንደኔ እንዳትዋረጂ።

አሁን እንግዳ ሲመጣ አባትሽ እንዳትታይ ቀድሞ እዚያች ቦግ ያለች ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። ጎረቤታችን ግሬተ ስትገባ እንኳ አልተነሣላትም።

"ምነው ፕሬበን፣ ተጣብቀህ ቀረህ እንዴ?" አለችው።

"እኔ የምነሣው ለሲግነ ብቻ ነው" አላት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለገና ነይና አስነሺልኝ።

እናትሽ ኢንገ