«ኮምፈርተብል» የሚለውን ቃል ላስተማሩን ክቡር ኃላፊ

በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ሆስፒታል የታካሚዎችና የቤተሰብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ትሑታን ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። በእናንተ ቤት ደህና መሆንና አለመሆን በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ስላየሁ፣ ምኞቴን የማቀርበው ከወትሮው በበለጠ ጥንቃቄ ነው። በስምዎ ስላልጠራሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በላኩልን የሐዘን መግለጫ ላይ ያለው ፊርማ ሊነበብ አልቻለም።

በአማርኛ የጻፍኩት በዚያው መግለጫ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «አማርኛ የሚናገሩ ከሆነ የትርጉም እርዳታ በነጻ ተዘጋጅቶልዎታል» የሚል መስመር ስላገኘሁ ነው። ለእኔ የተዘጋጀ እርዳታ ለእርስዎም አይነፈግም ብዬ አምናለሁ። ለሁሉም እንዲነበብ ያደረግሁት ደግሞ በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቼ ቃሉን እኛ በተማርንበት መንገድ እንዳይማሩት በማሰብ ነው።

የምስራች ወልደአምላክ እባላለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ሲሆን አርሊንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። አባቴ አቶ ወልደአምላክ ባለፈው መጋቢት በሰባ ሦስት ዓመታቸው የልብ ድካም ጠንቶባቸው ሰኞ ዕለት እናንተ ዘንድ ተኙ። እናቴ ወይዘሮ ስሂን እንግሊዝኛ አትችልም። እኔ እችላለሁ፤ ቢያንስ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የምችል ይመስለኝ ነበር።

አንደኛ፤ ከምስጋና ልጀምር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ አባቴ ክፍል ገብታ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር እንደምትፈልግ ስትነግረን፣ እናቴ በስክሪን የሚቀርበው አስተርጓሚ ይምጣልን አለች። ነርሷ ሄዳ ተመለሰችና መሣሪያው ሌላ ፎቅ ላይ እንደተያዘ፣ አንድ ሰዓትም ሊያስጠብቀን እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ያንቺ እንግሊዝኛ እኮ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። እናቴ እጄን ይዛ «ግድ የለም፣ እንጠብቅ» ብትለኝም፣ «እማዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጠብቀናል?» አልኳት። ይህን ጥፋት በእናንተ ላይ አልመዘግብም፤ የራሴ ነው። ለሙገሳው ግን እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ወደ ቃሉ ልምጣ። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ ክፉ ሰውም አልነበረችም። ስለ ልባቸውና ስለ ኩላሊታቸው ጥቂት ከተናገረች በኋላ፣ ከእንግዲህ ዋናው ትኩረታችን አባትሽ ኮምፈርተብል እንዲሆኑ ማድረግ ነው አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። የእንጀራዬ ቃል ነው። አልጋው ኮምፈርተብል ነበር ወይ ብዬ እንግዳ እጠይቃለሁ፤ የክፍሉ ሙቀት ኮምፈርተብል ካልሆነ ሠራተኛ እልካለሁ። ጫማ ኮምፈርተብል ይሆናል፣ ሶፋ ይሆናል፤ ኑሮው የተደላደለ ሰውም ኮምፈርተብል ነው ይባላል። ከቀብሩ በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጬ ተመሳሳዮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ኮዚ አለ፣ ሪላክስድ አለ፣ አት ኢዝ አለ፤ ምቹ፣ ሥጋት የሌለበት፣ ዘና ያለ የሚሉ ፍቺዎች ተደርድረዋል። «ከእንግዲህ አይድንም» የሚል ግን አጣሁ። አዘጋጆቹ እናንተ ዘንድ ተኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እናቴ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዲመቻቸው እናደርጋለን አለች።»

«ተሻለው ማለት ነው?»

«መቼም ካልተሻላቸው አይመቻቸውም» አልኳት።

ሦስተኛ፤ ቃሉ ሌላም ሥራ እንዳለው ያወቅሁት እዚያው ነው። ሐኪሟ ልትነሳ ስትል ዓይን ዓይኔን እያየች፣ በዚህ ዕቅድ ኮምፈርተብል ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኩ። ሰው አባትህ ይመቻቸው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ሌላ ምን ይመልሳል? በኋላ መዝገባቸውን አስወጥቼ እንዳነበብኩት፣ በዚያች መልሴ የልብ መድኃኒቶቹ እንዲቆሙ፣ ለምርመራ ደም እንዳይወሰድ፣ ትንፋሻቸው ቢቆምም እንዲመለስ እንዳይሞከር ቤተሰቡ ተስማምቷል ተብሎ ተጽፏል። አንድ «ነኝ» ይህን ሁሉ መፈረሙን ስረዳ የመዝገብ አያያዛችሁን ጥራት አደነቅሁ።

አራተኛ፤ ስለ ፍጥነታችሁ። ሰዓትም ሳይሞላ ነርሶቹ ገብተው የልብ መከታተያውን ነቀሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሲጮህ የከረመው ማሽን ዝም አለ፤ ከክንዳቸው ላይም ከአንዱ ቀጭን ቱቦ በስተቀር ሁሉም ተነሳ። እናቴ ይህን ስታይ መሬት ስማ ተነሳች። አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ከማሽን ተላቀቀ ማለት ለእሷ ዳነ ማለት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሱሪያቸውን ተኩሳ፣ ጫማቸውን ወልውላ፣ ወደ ቤት የሚገቡበትን ልብስ በከረጢት ይዛ መጣች። ከረጢቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲታይ ለምን እንደመጣ አንድም ሠራተኛ ስላልጠየቃት፣ በሰው ጉዳይ ጣልቃ ስላለመግባታችሁ አመሰግናለሁ።

አምስተኛውን ከመዝገባችሁ ላይ አያገኙትም። አባቴ ሰኞ ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት የንስሐ አባታቸውን ቄስ ታዴዎስን ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወንድሜ ሀዲስ ደወለልኝ። «ቄስ ታዴዎስ እኔ ጋ ናቸው። አሁኑኑ እንሂድ እያሉኝ ነው፤ ይዣቸው ልምጣ?» አለኝ።

«አታድክማቸው፤ አባዬ ኮምፈርተብል ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተረጋግታችሁ ትመጣላችሁ» አልኩት።

ሀዲስም በዚህ አገር ቃሉን ሲሰማ የኖረ ነውና እንዳለ ተቀበለው። የመኪናውን ቁልፍ መልሶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡን ከወራት በኋላ ነገረኝ። እየወቀሰኝ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የዕለቱን ነገር ሲያወራ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ አረፉ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ብርድ ልብሳቸውን ታስተካክል ነበር። ነርሷ ገብታ ደረታቸውን አዳምጣ የሆነ ነገር ስትነግራት ስላልገባት፣ ስልኳን አውጥታ እኔ ጋ ደወለችና ለነርሷ ሰጠቻት። ነርሷም ማረፋቸውን ነገረችኝና አዝናለሁ፣ እስከ መጨረሻው ግን ኮምፈርተብል ነበሩ አለችኝ። ቃሉ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ስልኩ ለእናቴ ተመለሰላትና «ምን አለች?» አለችኝ። እንግዶች ፊቴ ተሰልፈው እየጠበቁ ተረጎምኩላት፤ ይህንን በትክክል ተረጎምኩት።

ቄስ ታዴዎስ እሁድን አልጠበቁም፤ ቅዳሜ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱ። አባቴ ሳይናዘዙና ሳይቆርቡ መሄዳቸው ለእናንተ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ አላውቅም። ለእናቴ ግን ከምንም በላይ የሚቆጫት እሱ ነው።

እናቴ አልጮኸችብኝም። አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል «ያቺ ሴትዮ ያን ዕለት ያለችው ምን ነበር? እንዳለችው አድርገሽ በይልኝ» አለችኝ። አልኩላት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔም አላወቅሁም፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ ታውቂያለሽ ብዬ ነው» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በፖስታ የሚመጣላትን ወረቀት እንዳነብላት ሰጥታኝ አታውቅም። ሕንፃችን ውስጥ ላለች ጎረቤት ነው የምትወስደው።

ክቡር ሆይ፣ ክስ አላሰብኩም፤ ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም። ስለ አስተያየቴ የሚያመሰግን፣ ጉዳዩን በጥሞና እንደተመለከታችሁት የሚገልጽ ደብዳቤ በአሥር ቀን ውስጥ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ። ነገም የሌላ ሰው ልጅ ሌላ አልጋ አጠገብ ቆሞ እንግሊዝኛው እንደሚመሰገንለት አውቃለሁ። ብቻ ለማስታወስ ያህል፣ በቋንቋችሁ «ዳይንግ»፣ ማለትም «እየሞተ ነው»፣ የሚባል አጭር ቃል አለ። ማንኛችንም ከመጣን በመጀመሪያው ዓመት የምናውቀው ነው። አስተርጓሚ ባይገኝ እንኳ እናቴ ፊቴን አይታ ትረዳው ነበር።

ለሰጡን የቋንቋ ትምህርት፣ ላሳዩን ለስላሳ ድምፅና ለማያልቀው ትሕትናችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቢሮዎም የተትረፈረፈ ምቾትን የምመኝ፣

የምስራች ወልደአምላክ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፈው ማክሰኞ እናቴ የራሷን የምርመራ ውጤት ለመስማት እናንተ ጋ መጥታ ነበር። አስተርጓሚ በሁለት ደቂቃ ቀረበላት፤ ስለ መሻሻላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። እናቴም በማታውቀው ሰው በኩል «ልጄ ውጭ ትጠብቀኝ» አለች። አርባ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ስትወጣ ምን አሉሽ ብላት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች «ደህና ነው አሉ» ብላኝ ወደ አሳንሰሩ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር፤ ግን የታካሚ ምስጢር ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ።